እስከ ጉልበት

ከዋይት ሮክ ወጣ ብሎ፣ ጥድ ከበቀለበት ዳር፣
መኪናዋን አቆመች ልጄ ማኅደር።
«ዱላህን ያዝ አባ፣ ውሃህን አትርሳ፤
ደክሞህ ከተቀመጥህ ቶሎ ብለህ አትነሳ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተንበርክኬ የኖርሁ፣
በአልበከርኪ ከተማ ሴራሚክ የደረደርሁ፣
ጉልበቴን ለወለል፣ ወለሉን ለባለቤት አስረክቤ የወጣሁ፤
ለጸሎት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መንበርከክ፣
ይኼን ጊዜ ስንቱ በስሜ ይሳል ነበር።

ዓለቱ እንግዳ ነው፤ ነጣ ብሎ ቀላ፣
ነቀዝ የከረመበት ይመስላል ባቄላ፤
አንዳንዱ ሾጣጣ፣ የድንጋይ ቆብ የደፋ፣
ወረፋ ይዞ የቆመ፣ መስኮቱ ግን የጠፋ።
«ተፍ ይባላል» አለች፣ «የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ የረጋ።»
«ጤፍ?»
ሳቀች። ገደሉ ተቀብሎ ሳቀ።
ብዙም አልተሳሳትሁ፤ ጫማዬን ገልብጬ ሳየው
ዱቄት ነው፣ የላመ፣ ሁለቴ የተነፋ።

ከዚያ መንገዱ መጣ።
መንገድ ስል፣ ቦይ ነው፤ ዓለት ውስጥ የሰመጠ፣
አንድ እግር ብቻ የሚያስኬድ፣ ጎኑ የተላጠ፤
መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ባት ዋጠ፣
ከዚያ እስከ ጉልበት።
እዚያ ላይ ቆምሁ።
«ማን ጠረበው?» አልኋት፣ ዐይኔን አጥብቤ፤
የመሮ ፈለግ አጣሁ፣ ስለት የጫረው የለም።
«ማንም» አለች ማኅደር። «የቴዋ ሰዎች ናቸው፣
ሲወጡ ሲወርዱ፣
ውሃ ይዘው፣ በቆሎ ተሸክመው፣ ልጅ አዝለው ሲሄዱ።
ልጠርብ ብሎ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም።»

መሰላሉ ግንድ ነው፣ ዐሥራ አንድ እርከን።
ስድስተኛው ላይ እግዜርን ጠራሁ፣
ሰባተኛው ላይ ልጄን።

ቤቱ ጠባብ ነው። ተንበርክኬ ገባሁ፤
መቼስ የለመድሁት ነው።
ጣሪያው በጭስ ጠቁሯል፤ ስንት ክረምት፣ ስንት እራት፣
ስንት ያልታረቀ ጠብ፣ እዚያው ተኝቶ የነጋበት።
ግድግዳው እስከ ወገብ በጭቃ ተለስኗል፤
ልስኑ ላይ የጣት መንገድ፤
አራት ጣት፣ ወደ ቀኝ የተሳበ፣
ጥጉ ጋ ሲደርስ ሳሳ፣ ሳሳ፣ ከዚያ የለም።
የቸኮለ እጅ አይደለም።
ጨርሶ የተነሳ እጅ ነው፤ አነሳሱን አውቀዋለሁ።
እኔም ጥግ ላይ እንዲያ ነው የማነሳው፤
አለቃዬ ሲያይ ሳይሆን፣ ማንም ሳያይ።

መዳፌን አስጠጋሁ፤ አልነካሁትም፤ ክልክል ነው፣ ባይሆንም አልነካም።
ከእጄ ታንሳለች። ሴት ትሆናለች፤
ወይ አባቷ ሲለስን «እኔም፣ እኔም» ያለች ልጅ።

«እዚህ ማደር እችል ነበር» አለች ማኅደር ከበሩ፣
ብርሃኑን ከልላ።
ስሟን ስናወጣላት ኪራይ ቤት ነበርን፣
ምድር ቤት፣ መስኮቱ የሰው ጫማ የሚያሳይ፤
ቤቱ እስኪመጣ ድረስ ስሙ ይቅደም አልን።
እናቷ ቤቱን ሳታይ ሄደች።
ይኼን ግን ለልጄ መሰላል ላይ ሆኜ አልነግራትም።

ስንመለስ ደመና ከሄሜዝ ተራራ በኩል ከብዶ፣
ቁራ ሁለት፣ ከታች የሪዮ ግራንዴ ሸለቆ።
ሰሌዳው «ከቦዩ አትውጡ» ይላል።
እግሬን እግራቸው ውስጥ አገባሁ፤
በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ዱቄት ተነሳ፣
ያም የኔ ድርሻ ሆነ፤
እነሱ የጀመሩትን፣ ሳልጠየቅ፣ አንድ ፀጉር ያህል አጠለቅሁት።

እግር ድንጋይ በላ፣ ድንጋይ ጉልበት በላ፤
ማን ቀድሞ እንዳለቀ የቆጠረ የለም።

ቦዩ ጥልቅ የሆነበት ዘንድ ጫፉ ላይ ተቀመጥሁ፤
ከፍታው ልክክ አለ፣ ወንበር ሠሪ የለካው ይመስል።
የጫማዬን ክር ፈታሁ።
እንሽላሊት መጣች፣ አየችኝ፣ ጉዳይ እንደሌለኝ አውቃ አለፈች።
ማኅደር ከፊት ሄዳለች፤ ኮፍያዋ ብቻ
በዓለቱ ከንፈር ላይ እየተንሳፈፈ ይርቃል።
ቶሎ አትነሳ ብላኝ የለ።
አልተነሳሁም።